የጳጳሱ ብር

ብዙዎቻችን ማርትሬዛን የምናውቃት ከአያቶቻችን ሣጥን ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠች፣ አለዚያም ቀልጣ የአንገት መስቀል የሆነች ብር። የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለባት ይህች ብር የታለር ዘር ናት፤ ታለር ማለት የጀርመን አገሮች ትልቁ የብር ገንዘብ ነው። ከእሷ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ታለር ያሳትሙ የነበሩት ግን ነገሥታት ብቻ አልነበሩም፤ ጳጳሳትም ነበሩ። ዛሬ የምናወጋችሁ ከእነሱ ስለ አንዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ በጀርመን አንዳንድ ጳጳሳት እንደ መስፍን አገር ይገዙ ነበር። ግብር ይሰበስባሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ጦር ያዘምታሉ፣ ገንዘብም ያሳትማሉ። መጠሪያቸው ልዑል ጳጳስ ነው። በብዙዎቹ ገንዘብ ላይ ከዓርማው ጀርባ የእረኝነት በትርና ሰይፍ አብረው ይታያሉ።

ክሪስቶፍ በርንሃርት ፎን ጋለን ከሁለቱ ሰይፉን ሳያስበልጡ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1650 የሙንስተር ልዑል ጳጳስ ሆነው ተመረጡ። የከተማዋ ሰዎች ደግሞ ራሳችንን እናስተዳድር፣ የጳጳሱም ጦር አይግባብን አሉ። ጳጳሱ በ1657 የገዛ ከተማቸውን በመድፍ ደበደቡ። አልበቃቸውም፤ በ1660 ተመልሰው ከበቧት። በ1661 ሙንስተር እጅ ሰጠች። የቆየ መብቷ ተገፈፈ፤ ነዋሪውን በዓይነ ቁራኛ የሚጠብቅ ምሽግም ተሠራባት።

ከዚያ ታለር ታተመ። የላቲን ጽሑፉ ሙንስተር ወደ መታዘዝ መመለሷን ያበሥራል። ታለር የዳቦ መግዣ ሳንቲም አይደለም፤ በሹም፣ በነጋዴና በባለጸጋ እጅ የሚዞር ገንዘብ ነው። ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ይህ ብር አዲስ አይሆንብንም። መንግሥታዊ መግለጫ ነው! የሌላኛው ወገን ቃል የለበትም። ከተማዋ ለምን እንዳመፀች፣ በመድፉ ማን እንደሞተ ብሩ አይናገርም።

ጳጳሱ በ1672 ደግሞ የኔዘርላንዷን ግሮኒንገን ከበው በቦምብ አነደዷት። ይህች ግን አልተያዘችም። ሕዝቡ «ባለቦምቡ በርንድ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ከበባው የተነሣበትን ኦገስት 28 እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብራል። የልዑል ጳጳሳቱ ግዛት በ1803 ከሰመ፤ በዓሉ ግን አለ።

እንግዲህ እኛም የአያታችንን ማርትሬዛ ስናነሣ ስንት ታወጣለች ብለን ብቻ አንለፍ። ማን አሳተማት? ስለ ማን ዝም አለች? ብለን እንጠይቅ።