ሥራ የሚያዝ ነገር ነው?

«የእገሌ ልጅ ሥራ ያዘ» ሲባል «እሰይ!» ያላለ ማን አለ? እስቲ ቃሉን ልብ እንበለው። ሥራ ይሠራል እንጂ እንዴት ይያዛል? የሚያዘውማ ወንበሩና ደመወዙ ነው። አባቱ ማሳ ላይ ሲያርስ ሲያርም የዋለውን ወጣት «ምን ትሠራለህ?» ብትሉት «ኧረ ቁጭ ብያለሁ» የሚለው ለዚህ ነው።

ነገሩ ሥር አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ፣ ሕዝቡ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማ ሠሪውን «ቁጢት»፣ ጸሐፊውን «ጠንቋይ» እያለ መስደቡን እንዲተው አዘዙ። ሁሉም የአዳምና የሔዋን ዘር ነው፤ ብልሃተኛውን መናቅ አገርን ባዶ ማስቀረት ነው፤ የአዋጁ ፍሬ ነገር ይኸው ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብት ምንጩ የሰው ድካምና እውቀት መሆኑን አስረድተዋል።

ታዲያ ምን ሆነ? አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ክብርን ግን በአዋጅ ማደል አይቻልም። ዘመናዊው ቢሮ ሲከፈት ክብር ከጦረኛውና ከባለርስቱ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ እንጂ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ አልወረደም። ተማሪውም ፊደል የሚቆጥረው ከእጅ ሥራ ለማምለጥ ሆነ።

ደመወዝ ይቅር የሚል ሞኝ የለም፤ ልጅ ክብር በልቶ አያድርም። ነገር ግን ሰውን «የት ተቀጠርክ?» ብቻ እያልን እስከጠየቅነው ድረስ፣ ሲሠራ የዋለው ሁሉ ቁጭ ያለ እየመሰለው ይኖራል። አንድ ቀን «ምን ሠራህ?» እንበለው።