ሁለት ሆርሞን በአንድ መርፌ፤ ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለማከም የተደረገው ምርምር አጭር ታሪክ

በአገራችን ልማድ «ወፈርህ» ማለት ብዙ ጊዜ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይደለም፤ ሰው ከሕመሙ ሲያገግም ወይም ኑሮው ሲሻሻል የሚነገረው ቃል ነው። ስለዚህ ውፍረትን በሽታ ብሎ መጥራትና ለርሱም የሚወጋ መድኃኒት መሥራት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2022 ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች፣ ልጆችና አዋቂዎች ተደምረው፣ ከ1 ቢልዮን በላይ ነበሩ። እንዲህ ያለው ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለልብና ለደም ሥር ሕመም፣ ለጉበትም ጉዳት መንገድ የሚከፍት መሆኑን ሐኪሞች ያስረዳሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በቅርብ ዓመታት ብዙ የተነገረለትን አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ይኸውም የሁለት ሆርሞኖችን ሥራ በአንድ መርፌ አጣምሮ የሚሠራው ነው። ሐኪሞች ስላልሆንን ማንም ሰው መድኃኒቱን እንዲወስድ ወይም እንዳይወስድ ለመምከር አንነሣም። ሐሳባችን አሳቡ ከየት እንደ ተነሣ፣ በምን መንገድ እንደ ተጓዘ፣ የትኛውስ ጥያቄ ገና ሳይፈታ እንደ ቀረ ለማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቀድሞ የተሞከሩት መድኃኒቶች

ውፍረትን በመድኃኒት ለመቀነስ መሞከር የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከእንስሳት የታይሮይድ ዕጢ የተዘጋጀ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። በ1933 ደግሞ በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዳይናይትሮፊኖል የተባለው ኬሚካል ሰውነት ምግብን በብዛት እንዲያቃጥል የሚያደርግ መሆኑን ገለጹ፤ ወዲያውም በቂ ምርመራ ሳይደረግበት በገበያ ተሸጠ። ነገር ግን ሰውነትን እስከ ሞት ድረስ የሚያግል፣ ዓይንንም በሞራ የሚጋርድ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1938 በአሜሪካ ለሰው መድኃኒት መሆኑ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሰው አምፌታሚን መጣ፤ እርሱም ሱስ የሚያስይዝ ሆነ። በ1990ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ፌንፍሉራሚንና ፌንተርሚን የተባሉት ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ይታዘዙ ነበር፤ ፌንፍሉራሚን የልብን በሮች የሚጎዳ መሆኑ ስለ ታወቀ በ1997 ከገበያ ተነሣ። ሪሞናባንት የተባለውም በአውሮፓ በ2006 ከተፈቀደ በኋላ በአንዳንድ በሽተኞች ላይ ከባድ ትካዜና ራስን የመግደል አሳብ በማስከተሉ በ2008 ታገደ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። በየጊዜው አዲስ መድኃኒት በታላቅ ተስፋ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ይወስደዋል፤ ጉዳቱ ግን የሚታወቀው በኋላ ነው። ስለ አዲሶቹ መርፌዎች የሚነገረውንም ስንሰማ ይህን መዘንጋት አይገባንም።

የአንጀት መልእክት

የአዲሶቹ መድኃኒቶች ሥር ግን ከሌላ ስፍራ የተነሣ ነው። በ1902 በለንደን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህራን የነበሩት ቤይሊስና ስታርሊንግ በውሻ ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ምግብ ወደ ትንሹ አንጀት ሲገባ አንጀቱ ለቆሽት መልእክት የሚልከው በነርቭ ብቻ ሳይሆን በደም ውስጥ በሚጓዝ ንጥረ ነገር ጭምር መሆኑን አገኙ። ንጥረ ነገሩንም ሴክሬቲን አሉት። በ1905 ስታርሊንግ እንደዚህ ላሉት መልእክተኞች ሁሉ «ሆርሞን» የሚለውን ስም ሰጠ፤ ቃሉም ማነሣሣት ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው።

በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ከቆሽት ኢንሱሊንን አወጡ፤ በሚከተለውም ዓመት በስኳር በሽታ ለተያዙ ሰዎች መሰጠት ጀመረ። በ1923 ደግሞ ኪምቦልና ሙርሊን የተባሉ አሜሪካውያን ከቆሽት በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ የኢንሱሊንን ተቃራኒ አገኙ፤ ይኸውም የደምን ስኳር ከፍ የሚያደርግ ነበር። ስሙንም ግሉካጎን አሉት። አንባቢው ይህን ስም እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ለብዙ ዘመን እንደ ጠላት የታየው ይህ ሆርሞን በታሪካችን መጨረሻ ላይ እንደ ረዳት ሆኖ ይመለሳልና።

ላ ባር የተባለው ቤልጅጋዊ ሊቅ በ1932 ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያነሣሣ የአንጀት ሆርሞን አለ ብሎ «ኢንክሬቲን» አለው። ነገር ግን በ1940 ገደማ በአሜሪካ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን አላረጋገጡም፤ ስለዚህ ጥያቄው ከሃያ ዓመት በላይ ተኝቶ ቀረ። እንደገና የነቃው ያሎና በርሰን በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን በትክክል የሚለኩበትን ዘዴ ከፈጠሩ በኋላ ነው። በ1964 በለንደንና በአሜሪካ በዴንቨር የተደረጉት ጥናቶች፣ ስኳር በአፍ ሲወሰድ በደም ሥር ከሚሰጠው ይልቅ ብዙ ኢንሱሊን እንደሚያስመነጭ አሳዩ። እንግዲህ አንጀት በእውነት ይናገር ነበር፤ የጎደለው የሚሰማበት መሣሪያ ነበር።

ሁለቱ ሆርሞኖች

የመጀመሪያውን የኢንክሬቲን ሆርሞን ያገኘው በካናዳ በቫንኩቨር ይሠራ የነበረው ጆን ብራውን ከስዊድናዊው ከቪክቶር ሙት ጋራ ሆኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሆርሞኑ 42 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን በአጭሩ ጂ.አይ.ፒ. ይባላል።

ሁለተኛው በሌላ መንገድ ተገኘ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቦስተን የጆኤል ሃበነር ባልደረቦች ግሉካጎን የሚሠራበትን የዘር ትእዛዝ በአንድ የባሕር ዓሣ ውስጥ ሲያነቡ፣ በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ግሉካጎንን የሚመስል ሌላም ሆርሞን ተጽፎ አገኙ። በ1983 ግሬም ቤልና ባልደረቦቹ በሰው ውስጥ ያለውን አነበቡ። በ1987ም በቦስተን ስቬትላና ሞይሶቭ ከሃበነርና ከዊየር ጋራ፣ በኮፐንሃገንም የንስ ሆልስትና ባልደረቦቹ፣ የዚህ ሆርሞን ትክክለኛው ክፍል ኢንሱሊንን በብርቱ የሚያስመነጭ መሆኑን አስረዱ። እርሱም ጂ.ኤል.ፒ.-1 ተባለ።

በ1993 ናውክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሁለቱን ሆርሞኖች በስኳር በሽተኞች ላይ አወዳደሩ። ጂ.ኤል.ፒ.-1 ኀይሉ እንዳለ ሲገኝ፣ ጂ.አይ.ፒ. ግን በነዚህ በሽተኞች ላይ እምብዛም የማይሠራ ሆነ። ከዚህ የተነሣ የመድኃኒት ሠሪዎች ዓይን ወደ አንዱ ብቻ ዞረ፤ ሌላውም ተጣለ። በ1996 ጂ.ኤል.ፒ.-1 በአይጥ አንጎል ውስጥ ሲሰጥ መብላትን እንደሚቀንስ፣ በ1998 ደግሞ በሰው ላይ የጥጋብን ስሜት እንደሚጨምር ታወቀ። የስኳር በሽታ መድኃኒት ፍለጋ ከውፍረት ጋራ የተገናኘው በዚህ ነው።

ነገር ግን ሌላ ችግር ነበር። ጂ.ኤል.ፒ.-1 በደም ውስጥ በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚፈርስ እንዲሁ መድኃኒት ሊሆን አይችልም። መፍትሔው ከማይጠበቅ ስፍራ መጣ። በ1992 በኒውዮርክ ጆን ኤንግ የተባለው ሐኪም ጊላ በተባለው የአሜሪካ በረሃ መርዘኛ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ ጂ.ኤል.ፒ.-1ን የሚመስልና ቶሎ የማይፈርስ ንጥረ ነገር አገኘ። ከዚህም የተሠራው ኤክሴናታይድ በ2005 በአሜሪካ ለስኳር በሽታ ተፈቀደ። በዴንማርክም ሎተ ክኑድሰንና ባልደረቦችዋ በሆርሞኑ ላይ የስብ አሲድ በመቀጠል ዕድሜውን አራዘሙ፤ በየቀኑ የሚወጋው ሊራግሉታይድ በ2014፣ በየሳምንቱ የሚወጋው ሴማግሉታይድ በ2021 በአሜሪካ ለውፍረት ተፈቀዱ። በ2024 ሃበነር፣ ክኑድሰንና ሞይሶቭ ስለዚህ ሥራ የላስከርን ሽልማት ተካፍለዋል።

ሁለቱን በአንድ ላይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሰውነት ረኀብንና ጥጋብን የሚገዛው በአንድ ሆርሞን ብቻ አይደለም። ከምግብ በኋላ አንጀት ብዙ መልእክቶችን በአንድነት ይልካል። እንግዲያውስ መድኃኒቱ ስለ ምን አንዱን ብቻ ይመስላል?

ለዚህ ጥያቄ ተፈጥሮ ራስዋ ምሳሌ ነበራት። ኦክሲንቶሞዱሊን የተባለው የአንጀት ሆርሞን የጂ.ኤል.ፒ.-1ንም የግሉካጎንንም ተቀባዮች ይነካል። በ2005 በለንደን በስቲቨን ብሉም መሪነት በተደረገ ጥናት፣ ይህን ሆርሞን በቀን ሦስት ጊዜ ለአራት ሳምንት የተወጉ ወፍራም ሰዎች በአማካይ 2.3 ኪሎ ሲቀንሱ፣ መድኃኒትነት የሌለውን መርፌ የተወጉት ግማሽ ኪሎ ብቻ ቀነሱ። በ2009 በአሜሪካ የሪቻርድ ዲማርኪና የማቲያስ ቾፕ ባልደረቦች ሁለቱን ተቀባዮች አንድ ላይ የሚያነሣሣ አንድ ንጥረ ነገር ሠርተው ወፍራም አይጦችን ማክሳቱን አሳዩ። የአሳቡም ስሌት ይህ ነው፤ ጂ.ኤል.ፒ.-1 የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ግሉካጎን ደግሞ ሰውነት የሚያቃጥለውን ኀይል ይጨምራል፤ ግሉካጎን ከፍ የሚያደርገውን የደም ስኳር ጂ.ኤል.ፒ.-1 ይመልሰዋል። ጠላት የነበረው በዚህ ዓይነት ረዳት ሆነ።

በ2013 እነዚሁ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋራ የተጣለውን ጂ.አይ.ፒ. ከጂ.ኤል.ፒ.-1 ጋራ አጣመሩ። በኢንዲያናፖሊስ የሚገኘው የኢላይ ሊሊ ኩባንያ በዚሁ መንገድ የሠራው ቲርዜፓታይድ በ2022 ለስኳር በሽታ፣ በ2023 ለውፍረት በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2022 በታተመው ጥናት 2,539 ሰዎች ለ72 ሳምንት ተከታትለው፣ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት ከክብደታቸው በአማካይ 20.9 ከመቶ ሲቀንሱ መድኃኒት ያላገኙት የቀነሱት 3.1 ከመቶ ነበር። በ2025 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሴማግሉታይድ ጋራ ፊት ለፊት አወዳድሮት፣ ባለ ሁለት ሆርሞኑ 20.2 ከመቶ፣ ባለ አንዱ 13.7 ከመቶ መቀነሳቸውን አስረዳ።

ግሉካጎንን ያጣመሩትም ተከተሉ። ሰርቮዱታይድ በ2024 በታተመው ሙከራ በ46 ሳምንት እስከ 14.9 ከመቶ አስቀነሰ፤ ማዝዱታይድ የተባለውም በ2025 በቻይና ተፈቀደ።

ያልተፈታው እንቆቅልሽ

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀጥ ብሎ የሄደ ይመስላል። ነገር ግን እንደዚህ አይደለም። በ2002 ጃፓናውያን ሊቃውንት የጂ.አይ.ፒ. ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ስብ የበዛበት ምግብ ቢበሉም እንደማይወፍሩ አሳይተው ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ቲርዜፓታይድ የሚያነሣሣውን የጂ.አይ.ፒ. ተቀባይ በተቃራኒው የሚዘጋ፣ የጂ.ኤል.ፒ.-1ን ግን የሚያነሣሣ ማሪዴባርት የተባለ መድኃኒት ሠራ። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ነው። በ2025 በታተመው ሙከራ በ52 ሳምንት የስኳር በሽታ የሌለባቸውን ሰዎች እስከ 16 ከመቶ ያህል አስቀነሰ።

እንግዲህ አንዱ በሩን ይከፍታል፤ ሌላው ይዘጋል፤ ሁለቱም ሰውን ያከሳሉ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንዳንዶች ተቀባዩ ያለ ማቋረጥ ሲነሣሣ ደንዝዞ እንደ ተዘጋ ይሆናል ይላሉ፤ ሌሎች ሁለቱ በአንጎል ውስጥ በተለያየ መንገድ ይሠራሉ ይላሉ። በእኛ አስተያየት ከዚህ የምንማረው፣ መድኃኒት መሥራቱ ከመታወቁ በፊት ስለ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል ማለት እንዳልሆነ ነው። ላ ባር አሳቡን ይዞ ማስረጃ አጣ፤ የዛሬዎቹ ማስረጃውን ይዘው አሳቡን ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የከበደ ነው። በ2023 ይፋ በሆነው አንድ ጥናት ሰዎች ቲርዜፓታይድን 36 ሳምንት ወስደው 20.9 ከመቶ ከቀነሱ በኋላ፣ ግማሾቹ ሳያውቁት መድኃኒትነት ወደሌለው መርፌ ተዛወሩ። በሚከተሉት 52 ሳምንቶች እነዚህ 14 ከመቶ መልሰው ሲጨምሩ፣ መድኃኒቱን ያላቋረጡት ደግሞ 5.5 ከመቶ ጨምረው ቀነሱ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ወፍራሙን ሰው «ሆዳም» እያሉ መንቀፍ ፍርድ እንዳልሆነ ነው፤ የሰውየው ፈቃድ ሳይለወጥ ሆርሞኑ ሲለወጥ ክብደቱ ተለውጧልና። ሁለተኛ፣ መርፌው በሽታውን ይገታል እንጂ አይነቅለውም፤ ስለዚህ ለረጅም ዘመን የሚወሰድ ነው። ለረጅም ዘመን የሚወሰድም ከሆነ ዋጋው የሕይወት ነገር ይሆናል። ቲርዜፓታይድ በ2023 ለውፍረት ሲፈቀድ በአሜሪካ የተተመነለት የወር ዋጋ 1,060 ዶላር ያህል ነበር። በዚህም ላይ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የሚታዩ ጉዳቶች ናቸው፤ ከሚቀንሰውም ክብደት ጥቂቱ ስብ ሳይሆን ሥጋ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ ሁለት ሆርሞን በአንድ መርፌ የማጣመር አሳብ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሰው አልተወለደም። ከ1902ቱ ውሻ እስከ ባሕር ዓሣና እስከ በረሃ እንሽላሊት ድረስ 120 ዓመት ያህል ተጉዟል። በመንገዱም ላይ የተጣለው ጂ.አይ.ፒ. ተነሥቷል፤ ጠላት የተባለው ግሉካጎን ታርቋል።

ነገር ግን ከዳይናይትሮፊኖልና ከፌንፍሉራሚን ታሪክ ጋራ ስናስተያየው፣ ልዩነቱ መድኃኒቶቹ የተሻሉ መሆናቸው ብቻ እንዳልሆነ እናምናለን። የበለጠው ልዩነት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በጥንቃቄ መመርመራቸው፣ ጉዳቱም ከጥቅሙ ጋራ አብሮ መጻፉ ነው። ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ሁሉ ይህን ፈተና እስኪያልፍ ድረስ «ሙከራ» የሚለውን ስም ሊያፍርበት አይገባም፤ ገዢውም ሻጩም ሊዘነጋው አይገባም። ሃያና ሠላሳ ዓመት የወሰዱት ሰዎች ምን እንደሚሆኑ የሚነግረን ጊዜ ብቻ ነው። ጽሑፋችን የሳተው ነገር ቢኖር አንባቢዎች እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።