የልጅ ችሎታ የሚመዘነው በየትኛው ቋንቋ ነው?

በ1904 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር፣ በመደበኛው ክፍል መከታተል የተሳናቸውን ሕፃናት ትምህርት የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ልዩ ትምህርት የሚያሻውን ልጅ ለመለየት ከመምህሩ ግምት በቀር አስተማማኝ መንገድ አልነበረም። የኮሚሽኑ አባል አልፍሬድ ቢኔ ከሐኪሙ ቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ጥያቄዎችንና ተግባራትን አቀረበ። ቢኔ ውጤቱን የማይለወጥ የተፈጥሮ መጠን አድርጎ አልቆጠረውም፤ የደከመ ችሎታ በልምምድ ሊጎለብት እንደሚችል ያምን ነበር።

መመዘኛው ወደ አሜሪካ ሲሻገር ይህ ጥንቃቄ አብሮ አልተሻገረም። የስታንፎርዱ ሉዊስ ተርማን በ1916 አሻሽሎ ካወጣው በኋላ የልጅ አእምሮ በአንድ ቁጥር ይገለጽ ጀመር። የቁጥሩን አሳሳችነት በ1970 በካሊፎርኒያ የቀረበ ክስ ገለጠው። በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ ዘጠኝ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ተፈትነው፣ የአእምሮ ዝግመት ላለባቸው ወደተዘጋጀ ልዩ ክፍል ገብተው ነበር። በስፓኒሽም እንዲመልሱ ተፈቅዶላቸው እንደገና ሲፈተኑ ግን አብዛኞቹ ከመለያው ነጥብ በላይ አገኙ። ታዲያ በፊት የተለካው ምን ኖሯል? ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት ክፍል ያስተማረ ሁሉ መልሱን አያጣውም።

ክሱ በስምምነት ተቋጨ። በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግም ልጁ በተቻለ መጠን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲመረመር፣ በአንድ ፈተና ብቻም እንዳይመደብ ደነገገ። የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቡና ባለሙያ ከዚያ ወዲህ የፈተናውን ውጤት ከሌሎች መረጃዎች ጋር እንዲያገናዝብ ይጠበቅበት ጀመር፤ የምደባው ውሳኔም የእርሱ ብቻ መሆኑ ቀረ።