ኮምፒውተሩን ማን አስጨነቀው? ከ«ፒኤስ» እስከ «ኤችቶፕ»

ኮምፒውተራችሁ ድንገት ቀጥ ብሎባችሁ ያውቃል? ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ማራገቢያው ብቻ ይጮሃል። ብዙዎቻችን ያኔ ማጥፊያውን ተጭነን እንይዛለን። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ግን ከማጥፋቱ በፊት «ማነው እንዲህ ያደረገው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መጠየቂያ መሣሪያዎቹ ብዙ ናቸው። የቱ ለምን እንደሚሻል ለማወቅ ደግሞ ታሪካቸውን ማየት ይረዳል።

መነሻችን 1969 (እ.ኤ.አ.) ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ዩኒክስ የተሰኘውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሥራት ጀመሩ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የግል ዕቃ አልነበረም፤ አንዱን ማሽን ብዙ ሰው ይጋራው ነበር። የአንዱ ፕሮግራም አልጠግብ ካለ የሌላው ሥራ ይጓተታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ፒኤስ» የሚባል ትዕዛዝ ዩኒክስ ላይ ተጨመረ። በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም «ፕሮሰስ» ይባላል፤ እያንዳንዱም መለያ ቁጥር አለው። ፒኤስ የፕሮሰሶቹን ዝርዝር ከነቁጥራቸው ያወጣል። ግን እንደ ፎቶግራፍ ነው፤ ያነሳችሁበትን ቅጽበት ብቻ ያሳያል።

በ1984 ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። የመጀመሪያው፣ ዊልያም ለፌብር በራይስ ዩኒቨርሲቲ ሳለ «ቶፕ»ን ጻፈ። ቶፕ ዝርዝሩን በየጥቂት ሰከንዱ ያድሳል፤ ፕሮሰሰሩን በብዛት የሚበላውንም ከላይ ያስቀምጣል። ፎቶው ቪዲዮ ሆነ ማለት ነው!

ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም። ማን እየሠራ እንደሆነ የሚመዘግበው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ ነው። የጥንቱ ፒኤስ መረጃውን የሚያገኘው የከርነሉን ሚሞሪ በቀጥታ በርብሮ ነበር። ለዚህ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የከርነሉ አሠራር ሲቀየር ደግሞ ፒኤስም ግራ ይገባዋል። የቤል ላብሱ ቶም ኪሊያን «እያንዳንዱ ፕሮሰስ እንደ ተራ ፋይል ቢታይስ?» የሚል ሐሳብ አመጣ። «ፕሮክ» የሚባለው ማህደር የተወለደው ከዚህ ነው።

በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ይፋ አደረገ። ሊኑክስም የፕሮክን ሐሳብ ወሰደ። ዛሬ ቁጥሩ 1200 የሆነ ፕሮሰስ ካለ፣ ፕሮክ ውስጥ 1200 የሚል ማህደር ታገኛላችሁ፤ ብዙው መረጃ በጽሑፍ የሚነበብ ነው። መዝገቡ ክፍት ስለሆነ የተሻለ መሣሪያ ለመሥራት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። በ2004 ብራዚላዊው ሂሻም ሙሐመድ በቀለም ያሸበረቀውን «ኤችቶፕ»ን ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ የቱን እንምረጥ? በጥያቄያችሁ ይወሰናል። አንድ ፕሮግራም መኖር አለመኖሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ ፒኤስ ይበቃል። አሁን ማን እያስጨነቀ እንደሆነ ለማየት ቶፕን ክፈቱ፤ ሊኑክስ ባለበት ሁሉ አይጠፋም ማለት ይቻላል። የትኛው ፕሮሰስ የትኛውን እንደወለደ በዛፍ መልክ ማየት፣ በቀስት ቁልፍ እየወረዱ መምረጥ ከፈለጋችሁ ግን ኤችቶፕ ይመቻል። ፕሮሰሰሩን ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ፤ አንዳንዴ ጥፋተኛው ሚሞሪውን የሞላው ነው።

ጥፋተኛው ሲገኝ «ኪል» የሚባለው ትዕዛዝ ይመጣል። ስሙ «ግደል» ቢሆንም ሥራው መልእክት መላክ ነው። ሌላ ካልነገራችሁት የሚልከው 15 ቁጥርን ነው፤ «ዕቃህን ሰብስብና ውጣ» እንደማለት። ፕሮግራሙ ፋይሉን አስቀምጦ ለመዝጋት ዕድል ያገኛል። 9 ቁጥር ግን እንደ መብራት መጥፋት ነው፤ ፕሮግራሙ ሳይሰማ ከርነሉ ያቋርጠዋል። ያላስቀመጣችሁት የቤት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ብዙ ጀማሪ ቸኩሎ መጀመሪያ 9ን ይልካል፤ እናንተ ግን በ15 ጀምሩ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ እምቢ ካለ ብቻ ወደ 9 እለፉ።

ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ካገኛችሁ ዛሬውኑ ኤችቶፕን ከፍታችሁ ቁጥር 1ን ፈልጉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ፕሮሰስ እሱ ነው። እናንተ የምትከፍቷቸው ፕሮግራሞች የዘር ሐረጋቸው ወደ እሱ ይወጣል። እስቲ የብራውዘራችሁን ሐረግ እስከ እሱ ድረስ ቁጠሩት!