ሦስተኛው ቋንቋ፤ በሀዲያና በከምባታ የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት ታሪክ

በሆሳዕና አካባቢ የተወለደ የሀዲያ ልጅ ውኃን በቤቱ «ወኦ» ይለዋል፤ የዱራሜው የከምባታ ልጅ ደግሞ «ወኣ» ይለዋል። ትምህርት ሁሉ በአማርኛ በሚጀመርበት ዘመን ይህ ልጅ ተማሪ ቤት ሲገባ «ውኃ» ማለትን ተማረ፤ ጥቂት ቆይቶም «ዎተር» ማለትን ጨመረ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ግን የኬሚስትሪው መጽሐፍ «አኩዌየስ»፣ የባዮሎጂው ደግሞ «ሃይድሮሊሲስ» ብሎ ጠበቀው። የወደፊት ዕድሉን የሚወስነው ፈተና የሚጠይቀው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ቃላት ነበር። ልጁ ወደ እነርሱ የደረሰበት መንገድ እንዴት እንደ ተሠራ መመርመር ለመምህሩ ሁሉ የሚጠቅም ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት በውጭ ቋንቋዎች መካከል ጎልቶ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ የበላይነቱን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. የነጻነት መመለስ በኋላ ነው። በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተፈተኑት የሎንዶንን የማትሪክ ፈተና ሲሆን፣ በኋላ በአገር አቀፍ የመልቀቂያ ፈተና ተተካ። «ማትሪክ» የሚለው ስም ግን በሕዝብ አፍ ላይ ቀረ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ማስተማር ሲጀምር፣ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያስገባው በር በዚህ ቋንቋ ብቻ የሚከፈት መሆኑ ተረጋገጠ።

በደቡብ ግን መንገዱ አንድ እርከን ይበልጥ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ደነገገ፤ የአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው ለመግባቢያ ያህል ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም ታሪኩም ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። አፉን በአማርኛ ለፈታው ልጅ ይህ አንድ ዝላይ ነው። በከምባታና ሀዲያ አውራጃ ለሚኖረው ልጅ ግን ሁለተኛው ዝላይ ነበር፤ የመጀመሪያውን ገና በቅጡ ሳያጠናቅቅ ሁለተኛው ይጠብቀዋል።

በ1965 ዓ.ም. ለዚህ ተማሪ ትልቅ መሣሪያ ተገኘ። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት በዚያ ዓመት ታተመ፤ የዎልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላትም ቃላቱን ከነአገባባቸው እያሳየ በዚያው ወቅት ወጣ። ሁለቱም ከፍ ያለ ጥቅም የሰጡ መሆናቸው አይካድም። ሆኖም የሀዲያው ተማሪ እንግሊዝኛውን የሚፈታለት አማርኛ ራሱ የተማረው ቋንቋ ነበር። ለፈተና የሚዘጋጀው ሰው በደብተሩ ግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኙ አንድ የአማርኛ ፍች እየጻፈ መሸምደድ ሲይዝ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። «ሶሉሽን» ለሚለው ቃል «መፍትሔ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ኬሚስትሪ ላይ «አኩዌየስ ሶሉሽን» ሲገጥመው «የውኃ መፍትሔ» ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ነገሩ ግን እናቱ ጨው በውኃ ስታሟሟ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ነው። ዕውቀቱ በቤቱ አለ፤ ቃሉ ከዕውቀቱ ጋር አልተገናኘም።

ይህን ክፍተት ለመድፈን ከየአቅጣጫው ተሞክሯል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ የሀዲያና የከምባታ ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል እየተጻፉ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ይሁንና ዘመቻው ፊደል ላልቆጠረው ሰው እንጂ ለመደበኛው ተማሪ አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. የስቶዳርት ጥናት እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ የትምህርት መሣሪያ ከመሆን ይልቅ እንቅፋት መሆኑን በግልጽ አመለከተ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ሀዲይሳንና ከምባቲሳን በላቲን ፊደል ወደ መጀመሪያዎቹ ክፍሎች አስገባ፤ በዚያው ጊዜ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሰጠ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ደግሞ በሳተላይት ቴሌቪዥን የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ፤ ሆኖም የማሳያው መስኮት ተማሪው ቃሉን ባይሰማው ቆሞ አይጠብቀውም ነበር።

በውጭው ዓለም የቃላት ጥናት ብዙ ርቋል። ማይክል ዌስት በፈረንጆች 1953 ወደ 2,000 የሚጠጉ ዋና ቃላት ዝርዝር አሳተመ፤ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 በልዩ ልዩ የከፍተኛ ትምህርት መጻሕፍት የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አወጣች። «ቤተሰብ» የሚለው አነጋገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ቃል ከዘመዶቹ ጋር እንጂ ብቻውን አይጠናም ማለት ነውና። «አኳ» በላቲን፣ «ሃይድሮ» በግሪክ ውኃ መሆኑን፣ «ሊሲስ» መፍታት መሆኑን የተረዳ ተማሪ «ሃይድሮሊሲስ» በውኃ የሚሆን መፍታት እንደ ሆነ ራሱ ይደርስበታል። ያንን «ወኦ» ከሚለው ቃሉ ጋር ካያያዘው ደግሞ ፈተናው ካለፈም በኋላ አይረሳውም።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ አገሪቱ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በቃላት እጥረት ማሳበብ ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄውን ያላነበበ ዕውቀቱን ሊያሳይ አይችልም። ሆሳዕና በቀድሞ ስሟ የተሰየመው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በደጇ ይገኛል፤ ከበሩ እስከ አዳራሹ የሚያደርሰው ቋንቋ ግን እንደ ጥንቱ እንግሊዝኛ ነው። ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ሸምዳጅ ደብተር ብቻውን ያን መንገድ እንደማያሳጥር ነው። መንገዱን የሚያሳጥረው ልጁ በእናቱ ቋንቋ ያወቀውን ነገር ጠይቆ፣ የእንግሊዝኛውን ቃል በዚያ ላይ የሚገነባ መምህር ነው።