ነፋስ ስልክና የሰማይ መንገድ

ሰፈር ስሙን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከወንዙ፣ ከኮረብታው ወይም በዚያ ከኖረው ባለርስት ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ግን የተሰየመው በመሣሪያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ስልክ በምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ የሚሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ ሽቦ የሚያነጋግር መሣሪያ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» አለው፤ ስሙም በሰፈሩ ላይ ጸንቶ ቀረ።

በእውነቱ ቃሉን የሚሸከመው ነፋስ አይደለም። ነፋስ በማይደርስበት ባዶ ሕዋ እንኳ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ይሁን እንጂ ስም አውጪዎቹ ዋናውን ነገር አልሳቱም፤ በዓይን የማይታይ ነገር መልእክት እንደሚያደርስ ተረድተዋልና።

አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ከከተማው በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ በኩል የሠራው የራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በራዲዮ ነበር። የኢጣልያ ኩባንያ የተከለው መሣሪያ የኢጣልያን ወረራ ለመቃወም ዋለ። የጠላት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢገባም፣ አንድ ጊዜ የተነገረው ቃል ሊመለስ አልቻለም።

ይህ ሽቦ አልባ ቃል ይልቁንም ለአይሮፕላን ነጂ የሕይወት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የዚያ ዘመን ነጂዎች በአብዛኛው የሚመሩት በካርታ፣ በኮምፓስና ከበታቻቸው በሚያዩት ወንዝና ሐዲድ ነበር። ደመና ምድሩን በሸፈነው ጊዜ ግን ዓይን ምን ይረዳል? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በስተ ሰሜንም እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ያህል ይነሣል። በክረምት ደመና ውስጥ መንገዱን የሳተ ነጂ የሚጠብቀው ተራራ ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ የራዲዮ ሥራ የአቪዬሽን ተቀዳሚ ክፍል ሆኖ ነበር። ከመሣሪያዎቹ ቀላሉ፣ በምድር ተተክሎ ስሙን በሞርስ ፊደል ያለማቋረጥ የሚጠራ ጣቢያ ነው፤ በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው ቀስት ወደዚያ ጣቢያ ያመለክታል። ሁለተኛው፣ ነጂው ከጣቢያው በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ በዲግሪ ይነግረዋል። ሦስተኛው በማረፊያው አጠገብ ይቆምና፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መውጣቱን፣ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ያሳየዋል። ለንግግርም ቢሆን አጭሩ ሞገድ ከላይኛው የአየር ክፍል እየተንጸባረቀ ሩቅ አገር ሲደርስ፣ ከእርሱ ይበልጥ ያጠረው ሞገድ ግን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። በተራራማ አገር ጣቢያ በከፍታ ላይ የሚተከለው ስለዚህ ነው።

የልደታ ማረፊያ ለጄት አይሮፕላን አጭር በመሆኑ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዱ የጄት በረራ ጀመረ። ዛሬ ሳተላይት ለነጂው ያለበትን ስፍራ ይነግረዋል። ነገር ግን የሳተላይት ምልክት ከሩቅ ስለሚመጣ ደካማ ነው፤ በሌላ ሞገድ ሊታወክም ይችላል። በዚህ ምክንያት የምድር ጣቢያዎች ዛሬም አልተተዉም።

በማማው ላይ የሚያነጋግረውን፣ ሌሊት መሣሪያውን የሚጠግነውን ሠራተኛ ተሳፋሪው አያየውም፤ ስሙንም አያውቀውም። ሥራው በደኅና ሲፈጸም የሚሰማ ወሬ የለም፤ የሚሰማው ሲጓደል ነው። እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የነፋስ ስልክን ትርጉም ቢያስረዱ፣ ስለ አንድ ሰፈር ብቻ ሳይሆን፣ ሳይታይ የሰውን ነፍስ ስለሚጠብቅ ሥራም ያስተምራሉ እንላለን።