ፓላንፑር፦ የሕንድ መንደር ማንን ያቀፈ ነው?

የሕንድ ገጠር ዘመን የማይለውጠው ነው የሚለው እምነት ዕድሜው ረጅም ነው። እንግሊዛዊው አስተዳዳሪ ቻርልስ ሜትካፍ በ1830 እ.ኤ.አ. መንደሮቹን ራሳቸውን የቻሉ ትናንሽ ሪፐብሊኮች ብለዋቸው ነበር። ጋንዲም የነጻይቱን ሕንድ መሠረት በመንደር ላይ መጣል ተመኙ። ከሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ዋነኛው፣ ከተገለለው የዳሊት ወገን የተወለዱት አምቤድካር ግን በ1948 በሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ ፊት ይህን ውዳሴ አጥብቀው ተቃወሙ። መንደሩን ከታች ሆነው አይተውታልና።

ክርክሩን ለመመዘን በኡታር ፕራዴሽ፣ በሞራዳባድ አውራጃ የምትገኘው ፓላንፑር ትረዳናለች። ተመራማሪዎች በ1957 እና 1958 ቤት ለቤት ከመዘገቧት ወዲህ በየዘመኑ እየተመለሱ አጥንተዋታል። ያን ጊዜ ነዋሪዎቿ 530 ገደማ ነበሩ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከ1,200 በልጠዋል።

ከቁጥሩ ጀርባ የካስት፣ ማለትም በውልደት የሚወሰን፣ ደረጃ አለ። በክብር የበላዮቹ ታኩሮች ናቸው። ሙራዎች ዘር ማንዘራቸው አራሽ ነው። ጃታቦች ደግሞ ቆዳ ፋቂ ተብለው ሲገለሉ የኖሩ፣ መሬታቸው ጥቂት፣ ጉልበታቸውን ለሌላው የሚያከራዩ ዳሊቶች ናቸው። በመካከል እረኝነት፣ ውሃ ቀጂነት፣ ዘይት ጨማቂነት የዘር ሙያቸው የሆነ ወገኖች፣ ሙስሊሞችም ጭምር፣ ይኖራሉ።

ይህ ደረጃ ግን ቆሞ አልቀረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የባለርስት ሥርዓት ሲሻር ብዙ ጭሰኞች ባለይዞታ ሆኑ፤ መሬት አልባው ሠራተኛ ግን እጁ ባዶ ቀረ። ቀጥሎ መስኖና የተሻሻለ የስንዴ ዘር መጡ። ማረስን ዝቅ አድርገው ከሚያዩት ታኩሮች ይልቅ ከአፈሩ ያልራቁት ሙራዎች ከዚህ ይበልጥ ተጠቀሙ፤ በሀብትም ታኩሮቹን ተገዳደሯቸው። መሬት የጎደለው ከባለመሬት ጋር እኩል እያረሰ ምርቱን መካፈሉን ቀጠለ።

መንደሯ ራሷን የቻለች ደሴትም አልነበረችም። በሰሜን ሕንድ ሂንዱዎች ልማድ ሴት ልጅ ከተወለደችበት መንደር ውጭ ትዳራለች። ስለዚህ ከባለትዳር ሴቶች አብዛኞቹ ከሌላ መንደር የመጡ ሙሽሮች ናቸው፤ የመንደሯም ሴቶች ልጆች በሌላ መዝገብ ይቆጠራሉ። ሪፐብሊክ የተባለው መንደር እናቶቹን ከውጭ እያመጣ የሚኖር ነው። ይሁንና እነዚህ ሴቶች በመንደሩ ጉዳይ ላይ እምብዛም ድምፅ አልነበራቸውም። በ1993 ሥራ ላይ የዋለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤት ወንበሮች ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ለሴቶች ያስከበረው ይህን ለማረም ነው።

ወንዶቹ ደግሞ በባቡር ወደ ሞራዳባድና ቻንዳውሲ ከተሞች ይወጣሉ፤ ከጡብ ማቃጠያ እስከ ግንባታ ያገኙትን ይሠራሉ። በ2008 እና 2009 ጥናት ከእርሻ ውጭ የሚገኘው ገቢ ዋነኛ ሆኖ ነበር፤ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ልዩነትም ሰፍቷል። ጃታቦች ግን ለረጅም ጊዜ ከቆሙበት ፈቀቅ ማለት ጀመሩ።

የጃታቦች የተሻለ እንጀራ በዋናነት የተገኘው የጌቶቻቸው መሬት ወደማይደርስበት ሥራ በመውጣት ነው። የመንደር ሰላምና መተሳሰብ የሚናፈቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ለታችኛው ሰው መውጫ ካልተከፈተለት መንደር ለላይኛው ብቻ ቤት ይሆናል። በፓላንፑር ጉዳይ አምቤድካር እውነት ነበራቸው።